አልጋውን ማን አነጠፈው?

ነሲባ ከደሴ አትላንታ ከገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዘጠኙን ያሳለፈችው ሚድታውን በሚገኝ አንድ ትልቅ ሆቴል አልጋ በማንጠፍ ነው። በቀን አሥራ አራት ክፍል። ወገቧን ጠይቁት፣ እሱ ይነግራችኋል።

እንግሊዝኛዋን ግን ያስተማራት ሆቴሉ አይደለም፤ ቡፎርድ ሃይዌይ ካለ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ የገዛችው ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመ የጃፓን ቪዲዮ ጌም ነው። ተጫዋቹ ሰይፍ የታጠቀ ጎረምሳ ሆኖ አገር ላገር ይዞራል፣ ከአውሬ ጋር ይዋጋል፤ በቆሰለ ቁጥር ወደ አንዲት የእንግዳ ማደሪያ ይገባል። የማደሪያዋ ባለቤት አሮጊት ሴት ናቸው። "ደክሞሃል፤ አልጋህ ተነጥፏል" ይሉታል። ተኝቶ ሲነሳ ቁስሉ ድኗል። ያለ እሳቸው አንድም ውጊያ ማሸነፍ አይቻልም። ወሎ ውስጥ እንግዳ የሚያሳድር ሰው ስሙ በክብር ይነሳል፤ ጃፓኖቹም ይህን ያውቃሉ ብላ ነሲባ ደስ ብሏት ነበር።

ዘንድሮ ጨዋታው ማንጋ፣ ማለትም የጃፓን የሥዕል መጽሐፍ፣ ሆኖ ወጣ። ስድስቱንም ቅጽ ገዛች። ከቀኝ ወደ ግራ መነበቡ ሌላውን ቢያደናግርም በልጅነቷ ቁርኣን ለቀራች ሴት ምኑም አልከበዳት። ገለጠች፣ ገለጠች፤ አሮጊቷ የሉም! ጎረምሳው በአንዱ ገጽ ደም በደም ሆኖ ይወድቃል፣ በሚቀጥለው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ይፎክራል። ሴትዮዋን ውሃ በላቸው። ለሰይፉ ብቻ ግን ሁለት ሙሉ ገጽ! የነሲባ ደም ፈላ። አንሶላ ራሱን የሚያነጥፍ መሰላቸው እንዴ?

እንዳጋጣሚ የማንጋ ወዳጆች ጉባኤ እዚያው ሆቴል ተደረገ፤ የመጽሐፉ ሠዓሊም መጥቶ ነሲባ በምታጸዳው ፎቅ አረፈ። ቅዳሜ አዳራሽ ውስጥ ጥያቄ ሲቀበል እሷ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ከኋላ ቆማለች። ሠራተኛ እንግዳን ከሰላምታ በቀር ማናገር አይፈቀድለትም። በዚያ ላይ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀችው የሱፐርቫይዘርነት ሹመት ሰኞ ሊሰጣት ነው። ያበጠው ይፈንዳ ብላ እጇን አወጣች።

"ባለማደሪያዋን ለምን አወጣችኋቸው? አልጋውን ማን አነጠፈለት?"

አዳራሹ ሳቀ። ሠዓሊውም ፈገግ ብሎ በአስተርጓሚ መለሰ፦ "ገጽ አልበቃንም። ለታሪኩ የማያስፈልገውን ትተነዋል።"

ሃያ ዓመት በሆቴሉ የሠሩትና ቦታቸውን ለነሲባ ለቀው ጡረታ ሊወጡ የነበሩት ሱፐርቫይዘር ወይዘሮ አሰፋሽ ክንዷን ይዘው አስወጧት።

"ምን ነካሽ አንቺ ልጅ? ማኔጀሩን ቶክ አድርጌዋለሁ፣ ለዛሬ ትቶታል። አንድ ኮምፕሌይን ቢመጣ ግን ሰኞን እርሺው። ነገ ክፍሉን አሳምረሽ ክሊን አድርጊለት።"

"እትዬ፣ እርስዎ ሃያ ዓመት ያነጠፉት አልጋ ለታሪኩ አያስፈልግም እኮ ነው የሚለው።"

"ሰምቻለሁ" አሉ ወይዘሮ አሰፋሽ።

እሑድ ጠዋት ሠዓሊው ቁርስ ሲወርድ ነሲባ ክፍሉ ገባች። መታጠቢያ ቤቱን አሸች፣ ፎጣ ቀየረች፣ መስተዋቱን ወለወለች። ወደ አልጋው ዞረች። ብርድ ልብሱ መሬት ወድቋል፣ አንሶላው ተጠቅልሎ እግርጌ ተወሽቋል። እጇ በልማድ አንዱን ጫፍ ስቦ ነበር፤ ለቀቀችው። ከጠረጴዛው ላይ ወረቀት ወስዳ ጻፈችና ትራሱ ላይ አኖረች። ከዚያ ጋሪዋን እየገፋች ወደ ቀጣዩ ክፍል ሄደች።

ሰኞ የሠዓሊው ኮምፕሌይን ደረሰ፤ ሹመቱ ለሌላ ሴት ተሰጠ። ወይዘሮ አሰፋሽ ነሲባን ቢሯቸው ጠርተው የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ አስፈረሟት። ሠዓሊው ትራሱ ላይ ያገኘው ወረቀትም ከደብዳቤው ጋር ተያይዟል። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

"ገጽ አልበቃኝም" ይላል።

ወይዘሮ አሰፋሽ ወረቀቱን ደግመው አነበቡት።

"ሃያ ዓመት ሙሉ" አሉ በመጨረሻ፣ "እኔ ይህን ሳልጽፍ!"