ጋሽ ሙሉ የቆሙበት ጥቁር ፕላስቲክ

ዛሬ ጠዋት የቤተ ሙከራችንን ሶኬት ሊጠግኑ የመጡትን ጋሽ ሙሉን፣ እኔ የጣልኩትን ጥቁር ፕላስቲክ አንጥፈው ቆመውበት አገኘኋቸው።

"አይዞሽ ልጄ፣ ፕላስቲክ ኮረንቲ አያሳልፍም" አሉኝ።

ያ ፕላስቲክ ያሳልፋል። የሠራሁት እኔ ነኝ። የካርቦን ዱቄት ትንሽ ሲገባበት ቅንጣቶቹ ተራርቀው ይቀመጣሉ፣ ምንም አያልፍም። ከዚያ ላይ ጥቂት ሲጨመርበት ግን ቅንጣቶቹ ይነካካሉ፣ ለኮረንቲው መንገድ ይሆናሉ። ላየው ሰው ሁለቱም ያው ጥቁር ነው።

(ለመመረቂያ ጽሑፌ ግሩም ውጤት ነበር።)

ቆጣሪውን አጥፍቼ ከፕላስቲኩ ላይ አወረድኳቸው። ይሄኛው ኮረንቲ እንደሚያሳልፍ ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ።

"ባለፈው ሳምንት ከዚሁ የወሰድኩትስ?" አሉኝ።

ሮብ ገበያ ከተማ ወፍጮ ቤት ለሚሠራው ወንድማቸው ልከውለት ኖሯል፣ የወፍጮው ማብሪያ ሥር አንጥፎ እንዲቆምበት። በዚህ ዝናብ ወለሉ እርጥብ ነው።

ከዚያ ጀምሮ እየደወልንለት ነው። ይጠራል፣ አይነሳም። ገበያ ቀን ስለሆነ በወፍጮው ጩኸት አልሰማ ብሎት ይሆናል ተባብለናል። ጋሽ ሙሉ ግን መሣሪያቸውን እንኳ ሳይሰበስቡ መናኸሪያ ሄዱ።

እናንተስ የጣላችሁት ነገር ማን እጅ እንደገባ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ።

ሮብ ገበያ ያላችሁ ግን መጻፉን ተዉትና ወፍጮ ቤት ድረስ ሂዱልኝ። ከፕላስቲኩ ላይ ይውረድ።