ሰባት ቀን የታከመው ቲማቲም

ቅዳሜ ዕረፍቴን ትቼ ወደ ብራይተን የሄድኩት የጋሽ ተስፋይን የታመመ ቲማቲም ለማየት ነው። ዳውንታውን ዴንቨር ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት የምትቆርጥ ሴት ከቲማቲም ጋር ምን አገናኛት የሚል ካለ፣ አገር ቤት አሥራ አንድ ዓመት የግብርና ሠራተኛ ነበርኩ። ጋሽ ተስፋይ ይህን ከሰሙ ወዲህ “ዶክተር” ይሉኛል፤ ባልሆንም ደስ ይለኛል።

እሳቸው አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከከተማው በስተሰሜን ቁራሽ መሬት ተከራይተው አትክልት ያለማሉ። እሑድ የልጅ ልጃቸው ክርስትና ነው፤ “ቲማቲሙን ከእጄ ነው የምትበሉት” ብለው ለዘመድ ሁሉ ቃል ገብተዋል።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት

ከአውሮራ በፒክአፓቸው ተነሳን። ከኢንተርኔት ያተምኩትን ካርታ ሳወጣ “ይሄ መንገድ እኔን ይጠይቅ!” ብለው ወደ ኋላ ወንበር ወረወሩት። ጋዝ ስቴሽን ቆመን ዶናት በላን። ሕንፃው እየሳሳ ሄደ፤ በግራችን ተራራው ወጣ፤ ብራይተን ስንቃረብ የሽንኩርት ሽታ በመስኮት ገባ።

አራት ሰዓት ተኩል

የቲማቲሙ የታች ቅጠል ቡናማ ነጠብጣብ ይዞ ደርቋል። ሻጋታ ነው፤ አውቀዋለሁ። ፍሬው ግን ቀልቶ፣ አራት ሳጥን ተለቅሞ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ላዩ ላይ ነጭ ነገር ደርቆበት ሳይ ደነገጥኩ።

“ጋሽ ተስፋይ፣ ምን ረጩበት?”

“መድኃኒቱን ነዋ! ጠዋትና ማታ፣ ሰባት ቀን ሙሉ። ትናንት ጨረስኩለት።”

ጠርሙሱን ተቀብዬ አነበብኩ። ሰባት ቀን ይላል፤ ግን አንዴ ከተረጨ በኋላ ፍሬው ሳይለቀም የሚቆይበት ቀን ነው።

“ጠዋትና ማታ የሚለው የቱ ጋ ነው?”

“እሱንስ እኔ ነኝ የጨመርኩት። ሐኪሜ አንቲባዮቲክ ሲያዝልኝ ‘ቢሻልህም እንዳታቋርጥ’ ብሎኛል። መድኃኒት አይደል እንዴ?”

ልስቅ ነበር፤ አልቻልኩም። አሥራ አንድ ዓመት ገበሬ ሰብስቤ “መድኃኒቱን ርጩ” ስል የኖርኩት እኔ ነኝ። እንዳይፈሩ ብዬ፣ መርዝ ነው ብዬ አንድም ቀን አልተናገርኩም። አፈርኩ።

“አይበላም” አልኳቸው።

“ባጥበውስ?”

“አሥራ አራት ጊዜ ነው የረጩት፣ ጋሽዬ። ሕፃኑን የምታጠባው እናት ናት የምትበላው።”

 እሳቸውም ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ጥቁር ከረጢት ውስጥ ገለበጡ። ላግዛቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

ስምንት ሰዓት

አውሮራ ተመልሰን ሃቫና ስትሪት አንድ ሱቅ ፊት ፓርክ አደረጉ። ቲማቲም ሳጥኑ አሥራ ሁለት ዶላር ነው። አንዱን አንስተው በአውራ ጣታቸው አሹና ባለሱቁን “ይሄስ ከተረጨ ስንት ቀኑ ነው?” አሉት።

“እኔ እንጃ አባባ፤ ፍሬሽ ነው።”

ሁለት ሳጥን ገዙ። ለዘመድ ምን እንደሚሉ አልጠየቅኳቸውም።

ቤቴ በር ላይ ሲያወርዱኝ ጠርሙሱንና ማርከር አቀበሉኝ። “ዶክተር፣ በአማርኛ ጻፊበት።”

“መርዝ። አንዴ ይረጫል። ሰባት ቀን አይለቀምም” ብዬ ጻፍኩ።

ሁለት ጊዜ አነበቡት። “ስሙን መጀመሪያ እንዲህ ብለሽ ብትነግሪኝ ኖሮ አልሳሳትም ነበር” አሉ።

እሳቸውስ ገና ዛሬ ነው የጠየቁኝ። እነዚያ ገበሬዎቼ ግን አሥራ አንድ ዓመት “መድኃኒት” ስል ሰምተውኛል።