ሞሚና የመረቀችው ሰው

ሞሚና ዓሊዩ አሰበ ተፈሪ ከሚገኘው የቡና መጋዘን የገባችው ባሏ ሞቶ ዒዳዋን፣ የባል ሐዘን ወራቷን፣ በጨረሰች ሰሞን ነበር። ወለሉ ላይ ተደርድረው ከሚቀመጡት ለቃሚዎች መሐል ገብታ፣ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው መለየት በሦስት ቀን ተማረች። ዓመታት ሲያልፉ የሃምሳ ሴቶች አለቃ ሆነች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። አንዷ ስትዘገይ "ምነው፣ ልጅሽ ታመመ እንዴ?" ትላለች እንጂ አትቆጣም። ሴቶቹ "አዮ" ይሏታል፣ እናቴ እንደማለት ነው፤ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ።

ከመጋዘኑ ሰዎች መካከል ሞሚና በዱዓዋ የማትረሳው አንድ ሰው ነበር፤ ተቆጣጣሪው ተሻለ። ከሸዋ ተመድቦ የመጣ፣ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ሳቂታ ሰው ነው። በ1971 ዓ.ም. ክረምት የሞሚና አንድ ልጇ ጣሂራ መቻራ አጎቷ ዘንድ ሳለች ወባ ጣላት። ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ተሻለ ለሥራ እዚያው ሰንብቶ ነበርና ልጅቷ ስትንቀጠቀጥ አይቶ በመጋዘኑ ላንድሮቨር ወደ ሐኪም ቤት ይዟት ተነሣ። መኪናው መንገድ ላይ ጭቃ ሲይዘው በጋቢው ጠቅልሎ አዘላትና ሌላ መኪና እስኪያገኝ ድረስ ሁለት ሰዓት ያህል በዝናብ ተጓዘ። ሐኪሙ በኋላ ለሞሚና "ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ" ብሏት የቀረውን ሳይጨርስ ተወው።

ከዚያ ወዲህ ሞሚና የተሻለን ስም ሳትመርቅ አንሥታ አታውቅም። ቡና እየለቀመችም ምሳ እየበላችም "አላህ ዕድሜውን ያርዝምልኝ፤ ለልጄ ሁለተኛ አባቷ ነው" ትላለች። በዒድ ሳምቡሳ ትልክለታለች። እሱም ትምህርት ቤት ሲከፈት ለጣሂራ ደብተርና እርሳስ ይገዛላታል።

በ1977 ዓ.ም. ጥር ላይ ረዲያ የምትባል ለቃሚ ለመጋዘኑ ኃላፊ ለጓድ ዓባይ አቤቱታ አቀረበች። ረዲያ ድርቁ ከቦርደዴ ያፈናቀላት፣ አክስቷ ቤት ተጠግታ የምትኖር የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ያስጻፈችው ወረቀት ተቆጣጣሪው ተሻለ ጆንያ ትሰፊያለሽ እያለ ለብቻዋ ወደ ጆንያ ክፍል እንደሚጠራት፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ሰውነቷን እንደሚነካካት፣ እምቢ ስትለው "ነገ ሥራ የለሽም" እንደሚላት፣ ባለፈው ማክሰኞም ሲታገላት ሻሿን እንደቀደደባት ይናገራል።

ጓድ ዓባይ ነገሩን የሚያዩ ሦስት ሰዎች መደበ፤ ራሱን፣ ከሠራተኛ ማኅበሩ መስዑድን፣ ከሴቶች ማኅበር ሞሚናን። ወረቀቱ ሲነበብላት ሞሚና ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

"እኔን ተወኝ ጓድ ዓባይ። ሰውየው ልጄን ያዳነ ነው።"

"ረዲያም በእርስዎ ሥር ያለች ሠራተኛ ናት" አለ። "ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ነው የምፈልገው። እስከ ሐሙስ ያነጋግሯቸው።"

መጀመሪያ ወደ ተሻለ ሄደች። ቡናው ፀሐይ የሚመታበት ማስጫ ላይ ቆሞ፣ ፍሬ በጥርሱ እየሰበረ ርጥበቱን ይፈትን ነበር።

"እትዬ ሞሚና፣ እርስዎም ይህን ያምናሉ?" አላት ገና ሳትጠይቀው። "ልጅቷ ትዘገያለች። ሁለት ጊዜ ከበር መልሻታለሁ። ቂም ይዛብኝ ነው። እኔ እንደ እህቴ ነው የማያት።"

"ጆንያ ክፍል ለብቻዋ ጠርተሃታል?"

"ጠርቻታለሁ፤ ጆንያ የሚሰፋ ሰው ያስፈልጋል። ሻሿን ግን አልነካሁም። ሻሽ አልቀደድኩም፣ በልጆቼ እምላለሁ።" ይህን ሲል ዓይን ዓይኗን እያየ ነበር። ከዚያ ድምፁን አለስልሶ "ጣሂራ ፈተናው እንዴት ሆነላት?" ብሎ ጠየቃት።

ሞሚና ስትመለስ ልቧ ቀሎላት ነበር። እውነቱን ነው የተናገረው ብላለች።

ከሰዓት በኋላ ረዲያን አክስቷ ቤት አገኘቻት። ልጅቷ በአማርኛ ጀምራ ቃሉ እየጠፋባት ስትንተባተብ ሞሚና በኦሮምኛ "በራሳችን ቋንቋ አውሪኝ ልጄ፣ እኔና አንቺ ብቻ ነን" አለቻት። ረዲያ ሁሉንም ነገረቻትና የተቀደደውን ሻሽ አውጥታ ሰጠቻት። የሞሚና ባል ልብስ ሰፊ ነበርና ጨርቅ ታውቃለች። ሻሹን ወደ ብርሃኑ አዙራ ጫፉን በጣቷ ዳሰሰችው።

"ይሄ በመቀስ ተጀምሮ ነው የተቀደደው" አለች።

ረዲያ ብዙ አልቆየችም። "እኔ ነኝ የቀደድኩት" ብላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

በዚያች ቅጽበት ሞሚና የተሰማት ደስታ ነበር። ተሻለ ዳነ ብላ ደስ አላት፤ ይህ ደስታዋ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሲያሳፍራት ኖሯል። ለመሄድ ተነሥታ ጫማዋን እየፈለገች "ለምንድነው እንዲህ ያደረግሽው?" አለቻት።

"ወገቤን ያዘኝ ብዬ ብናገር ማን ይሰማኛል? የያዘኝ ቦታ አይታይ። አይቆስል፣ አያብጥ። የሚታይ ነገር ፈልጌ ነው።"

"የቀረውስ?"

"የቀረው እውነት ነው። ወላሂ አዮ፣ የቀረው እውነት ነው።"

ሞሚና ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። ነገሩን እዚያ ላይ መዝጋት ትችል ነበር፤ ልጅቷ መዋሸቷን በአንደበቷ ተናግራለች። ግን በቁልቁለቱ ወደ ቤቷ ስትወርድ "የያዘኝ ቦታ አይታይ" የሚለው ቃል አልለቅ አላት።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሴቶቹን አንድ በአንድ ጠየቀች። አብዛኞቹ አንገታቸውን ደፍተው አላየንም አሉ። አንደኛዋ ግን "ባየችን ጠይቂ" ብላ ወደ ማስጫው አመለከተቻት። ባየች ከሁለት ዓመት በፊት ጥላ ሥር ከመቀመጥ ፀሐይ ይሻለኛል ብላ በራሷ ጥያቄ ወደ ማስጫ የተዛወረች ሴት ናት። ያኔ ሞሚና ሰው ሁሉ የሚሸሸውን ሥራ ፈልጋ መሄዷ ገርሟት ነበር።

ባየች ቡናውን በረጅም እንጨት እያገላበጠች፣ ቀና ሳትል "ከረዲያ በፊት እኔ ነበርኩ" አለቻት።

"ጆንያ ክፍል?"

"ጆንያ ክፍል።"

"ታዲያ እኔ አለሁ አይደል? ለምን አልነገርሽኝም?"

ባየች እንጨቱን ተደግፋ ቆመች። "አዮ፣ አይቆጡኝና ልንገርዎ። አንድ ቀን ጠዋት ከዚያ ክፍል ወጥቼ እጎንዎ ተቀመጥኩ። ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው እየደባለቅሁ ነበር። እርስዎ ያን ጊዜ 'ለልጄ ሁለተኛ አባቷ ነው' እያሉ ይመርቁት ነበር። ሴቶቹም አሜን ይላሉ። እኔም አሜን አልኩ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልንገርዎ?"

ሞሚና ማስጫው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ስድስት ዓመት ሙሉ የመረቀችው ምርቃት፣ ከልቧ የወጣ ምርቃት፣ የእነዚህን ሴቶች አፍ ሲዘጋ ኖሯል። የባየችን እጅ ይዛ ብዙ ቆየች። ባየችም እጇን አላስለቀቀችም።

ሐሙስ ጠዋት፣ ከስብሰባው በፊት፣ ሞሚና ረዲያን በር ላይ ጠበቀቻት። "የሻሹን ነገር ራስሽ ተናገሪ" አለቻት። "እኔ ካወጣሁት ተያዘች ይላሉ።"

"ያባርሩኛል።"

"እኔ እዚያው ነኝ።"

ረዲያ ተናገረች። ድምፅዋ ቀጥኖ፣ ግን ሳታቋርጥ። ጓድ ዓባይ ብዕሩን አስቀመጠ። "እንግዲህ ነገሩ አለቀ" አለ። መስዑድም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ተሻለ ከቆመበት ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

"አላለቀም" አለች ሞሚና። "ስለ ሻሹ እሱ እውነቱን ተናግሯል፣ እሷ ዋሽታለች። ይጻፍ። ስለ እጁ ግን የምትናገረው እሷ ብቻ አይደለችም።" ከዚያ ባየችን ጠራች። ባየች እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ የደረሰባትን በአጭሩ ተናገረች።

ሞሚና ወደ ተሻለ ዞረች። "ከትናንት በስቲያ በልጆችህ ስትምል ስለ ሻሹ ብቻ ነው የማልከው። ስለ እጅህ አልማልክም። አሁን ማል፤ እኔ አምንሃለሁ።"

ውጪ ጆንያ የሚያወርዱት ወዛደሮች ይነጋገራሉ። ተሻለ አልማለም። ወለሉን እያየ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ "እትዬ ሞሚና፣ ጣሂራን ያዘልኩት እኔ ነኝ" አለ።

"አንተ ነህ። እስክሞት አልረሳውም" አለች። እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። "ግን እነዚህን ልጆች ውለታህን ይመልሱልኝ ብዬ አልላክኋቸውም።"

ውሳኔው ማንንም ሙሉ በሙሉ ደስ አላሰኘም። ተሻለ ከቁጥጥር ሥራው ተነሥቶ፣ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበት፣ ቡናው ወደ ባቡር በሚጫንበት ሚኤሶ ተዛወረ። ለረዲያም ስለ ሻሹ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ሞሚና ይሄ ይቅር ብላ ብትከራከርም ጓድ ዓባይ አልሰማትም። የተሳካላት ሌላ ነገር ነው፤ የጆንያው ክፍል በር ከነማጠፊያው ተነቅሎ ወጣ።

ተሻለ በሄደበት ቀን ሞሚና ልትሰናበተው ወጣች። መኪናው ላይ ሆኖ አያት፤ አንገቱን አዞረ። አንዳንድ ሰዎች ውለታ ቢስ ናት ብለው አሟት። ጣሂራ "ለምን ሄደ?" ብላ ስትጠይቃት አሥራ ሁለት ዓመቷ ነውና እውነቱን ነገረቻት። ልጅቷ አለቀሰች፤ ሞሚናም አብራት አለቀሰች። ከሶላት በኋላ አሁንም በልቧ ስሙን ታነሣለች፤ ከንፈሯ ግን አይንቀሳቀስም።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ከሥራ አብረው ሲመለሱ፣ ረዲያ ድንገት "አዮ፣ መቼ ነው ያመንሽኝ?" አለቻት።

ሞሚና እርምጃዋን ቀነሰች። "ባየች ስትነግረኝ።"

"እኔ ስነግርሽ አይደለም?"

"አይደለም። አንቺ ስትነግሪኝ ጫማዬን እየፈለግሁ ነበር።" ቆመችና ፊቷን አየቻት። "አውፍ በይኝ ልጄ፣ ይቅር በይኝ።"

ረዲያ ዓይኗን ከመንገዱ ማዶ ወደሚታየው የጫት ተራ አሻገረች። ከዚያ የሞሚናን ዘንቢል ከእጇ ተቀብላ "ዛሬ እኛ ቤት እንሂድ፤ አክስቴ ሁልጊዜ ስለ አንቺ ትጠይቀኛለች" አለቻት፤ ሁለቱም ዳገቱን ቀስ እያሉ ተያያዙት።