ጾም የታዘዘለት ዓሣ

እህቴ ከአዲስ አበባ ስትመለስ የሕክምና ወረቀቷን እኔ እንድይዝላት ሰጥታኝ፣ እዚያው የገዛችውን ትንሽ ዓሣ ራሷ ይዛው መጣች። ከአውቶቡስ ስትወርድ ውሃ የተሞላውን ፌስታል ብርድ እንዳያገኘው በነጠላዋ ሸፍና ደረቷ ላይ አስጠግታው ነበር። ወረቀቱን አነበብኩት። ሐኪሞቹ ከዚህ በላይ የሚያደርጉት እንደሌለ በጨዋ ቋንቋ ጽፈዋል። ለእሷ ግን ጥሩ መብላት እንዳለባት ብቻ ነገርኳት።

ዓሣው ቤታ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ፣ ሰማያዊ፣ ጭራው እንደ ቀሚስ ጫፍ የሚንሳፈፍ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ ባዮሎጂ ስታስተምር የኖረችው እህቴ ዓሣውን በመስታወት ገንዳ አድርገን አልጋዋ አጠገብ እንድናስቀምጠው አዘዘች።

«ከእኔ በፊት እንዳይሞት» አለችኝ። ሌላ የጠየቀችኝ ነገር የለም። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ የመጣሁት ላስታምማት ነበርና እሺ አልኳት።

በሦስተኛው ሳምንት የጭራው ጠርዝ ነጣና ተሸራረፈ፤ ውሃውም ደፈረሰ። ለሻጩ ደውዬ ነገርኩት።

«ክንፉ እየበሰበሰ ነው» አለኝ። «የሚያመጣው ብርድና ቆሻሻ ውሃ ነው። ምን ታበሉታላችሁ?»

«አንተ የሰጠኸንን፣ በቀን ሦስት ፍሬ።»

«ታዲያ ውሃው በምን ደፈረሰ?»

ተቀምጬ መከታተል ጀመርኩ። አንድ ከሰዓት በቂ ነበር። በእኛ ዘንድ የታመመ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን አይገባም፤ ያመጣውንም በሽተኛው ሲቀምስለት ካላየ ደስ አይለውም። እህቴ መብላት ሲያቅታት ጠያቂው ቁራሹን ለዓሣው ይጥልለታል። አምስት ሰው ገባ፤ አምስቱም ቆረሱለት።

ከገንዳው በላይ «ዓሣው ጾም ላይ ነው» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። አሮጊቷ ጎረቤታችን ዳቦ በእጃቸው እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

«ምን ይላል ልጄ?»

«እንዳይመገብ ታዟል እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እኛ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም ስንል ኖረን፣ ጭራሽ እሱ ራሱ ጾመ!»

እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች፤ ከዚያ ሳል ያዛት።

ክሎሪኑ እንዲወጣለት ውሃ በባልዲ እያሳደርኩ በየቀኑ ከገንዳው ሲሶውን ቀየርኩ። ከሥር የተኛውን ፍርፋሪ በቀጭን ጎማ ሳብኩ። ሻጩ በአውቶቡስ የላከልንን ማሞቂያ ሰካሁ፤ መብራት ሲጠፋም ገንዳውን በጋቢ ጠቀለልኩ። የልማድ ነገር ሆኖ ሁሉን እጽፋለሁ። በደብተሬ ግራ ገጽ የውሃው ሙቀትና የጭራው ሁኔታ፣ በቀኙ ደግሞ የእህቴ ምግብ ነበር፤ አጥሚት አራት ማንኪያ፣ አጥሚት ሁለት ማንኪያ።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ደብተሩን አንስታ አነበበችው። ሁለቱንም ገጽ።

«ለእኔም እንደ ዓሣው ያለ ወረቀት ለጥፍልኝ» አለችኝ።

«ሐኪሙ እኮ ትብላ ብሏል።»

«ሐኪሙ ያለውን ላንተ ከመስጠቴ በፊት አንብቤዋለሁ።»

ማንኪያው በእጄ ነበር። መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት። እሷ እያወቀች፣ እኔን ላለማሳዘን ስትል ስትውጥ ነው የከረመችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ትፈልጊያለሽ?» ብቻ እላት ነበር። አብዛኛውን ጊዜ አልፈልግም ትላለች፤ አብረን ዓሣውን እናያለን።

ጥቂት ቆይቶ ከተሸራረፈው ጠርዝ ላይ እንደ ስስ ላስቲክ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ወጣ። ገንዳውን እንዳስጠጋላት ጠየቀችኝና አይኗን አጥብባ አየችው።

«አዲስ ክንፍ ነው» አለች፣ ለተማሪ እንደምታስረዳ። «ቀለሙ ቆይቶ ይመጣል።»

ቀለሙ ሳይመጣ ሞተች። በዚያን ቀን ጠዋትም ቴርሞሜትሩን አንብቤ ጻፍኩ። የቀኙን ገጽ ባዶ ተውኩት።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ቤቱን ሞልቶት ሳለ አሮጊቷ ጎረቤታችን ከእዝኑ ዳቦ ቆርሰው ወደ ገንዳው ሄዱ። ወረቀቱን አልነቀልኩትም ነበር። እጃቸው ውሃው ላይ ሲደርስ ቆሙ።

«አሁንም ጾም ላይ ነው?»

«አዎ እማማ።»

ቁራሹን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። እኔንም ብላ አላሉኝም።