እናቴ የጠቆረች ጊዜ

መጀመሪያ ያስተዋለው የሰፈራችን ባለሱቅ ነው። የስልጤ ሰው ነው፤ አቃቂ ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ እናቴ ደንበኛው ናት፤ ቀልድም ይወዳል። አንድ ቀን ሳሙና ሊያቀብላት እጁን ዘርግቶ ትንሽ አያትና «እማማ፣ ቆላ ወርደው ነበር እንዴ? ፀሐይ መትቶዎታል» አላት። እናቴ የትም አልሄደችም። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በጡረታ ከወጣች ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከእድርና ከገበያ ሌላ መንገድ አታውቅም። ስቀን ወደ ቤት ተመለስን።

ቤት ገብታ እጅጌዋን ሰብስባ ስትታጠብ ግን እኔም አየሁ። ክርኗና የጣቶቿ መገጣጠሚያዎች ጠቁረዋል። ይሄስ ይሁን፤ መዳፏን ስትዘረጋ የመዳፏ መስመሮች በእስክሪብቶ የተሰመሩ ይመስላሉ። ፀሐይ ሰው መዳፍ ውስጥ እንዴት ይገባል አልኳት። የእርጅና ነው አለችኝ። እኔ ተከራካሪ ነኝ፤ እርጅና ያሸብታል እንጂ አያጠቁርም ብዬ ሞገትኳት። እጇን ከእጄ ነጥቃ በፎጣ ጠቀለለችው።

ያኔ ገላን ኮንዶሚኒየም ገና እየተሠራ ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ ስለ ዕጣ ያወራል። እኔ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ከሞተ ቆይቷል። ቤት ውስጥ እናቴና እኔ ብቻ ነን። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ ከእኔ በቀር በቅርብ ያየ ሰው የለም፤ የማጋንን የሚመስለው ካለም መብቱ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጨው ነው። ወጥ ላይ ትጨምራለች፣ ቂጣ ላይ ትነሰንሳለች፣ ኋላማ ሻይዋ ውስጥ ሳይቀር ቆንጠር ታደርጋለች። አንድ ከሰዓት ከሥራ ቀደም ብዬ ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። ማድ ቤት ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ብጠራት አልዞረችም። ስጠጋ መዳፏ ላይ ጨው አፍሳ ትልሳለች፤ በጸጥታ፣ ዐይኗን ጨፍና፣ ላም አሞሌ እንደምትልስ። ትከሻዋን ስነካት ዞራ አየችኝ፤ ለትንሽ ጊዜ አላወቀችኝም። ከዚያ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው «መጣሽ?» አለችኝና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ፈራሁ። የገዛ እናቴን ፈራሁ።

እየከሳች ሄደች። ከተቀመጠችበት ስትነሳ ዓለም ይዞርባታል፤ ግድግዳውን ይዛ ትቆምና እስኪያልፍላት ዐይኗ የት እንደሚያይ አይታወቅም። ከሳቀችም ቆይታለች፤ ስትናገር ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰን ቁጭ ብለን ሳለ ጭኗ ላይ ያረፈውን እጇን ትኩር ብላ አየችው። «ይሄ የማን እጅ ነው?» አለችኝ። ያንቺ ነው እንጂ የማን ይሆናል አልኳት፤ ቁጣ ቁጣ አለኝ። እሷ ግን ነገሩ ያላሳመናት ትመስል ነበር።

ሰፈራችን ዝም የሚል ሰፈር አይደለም። ጎረቤታችን ልብስ እያሰጣች፣ ለእኔ ተቆርቁራ፣ እናትሽ ላይ አንድ ነገር ሰፍሯል አለችኝ። እናቴ በደጅ ስታልፍ ጎረቤቶቹ ልጆቻቸውን ወደ ውስጥ መጥራት ጀመሩ። እንዲህ ያለ ወሬ ስሰማ ደሜ ይፈላል፤ ሴትየዋን የማይባል ነገር ተናገርኳት። ብቻዬን ስሆን ግን እኔም ሳላምን አልቀረሁም። አብራኝ የምትኖረው ሴት እናቴን የምታውቅ፣ ልብሷን የለበሰች፣ ግን ሌላ የሆነች ትመስለኝ ጀመር።

ለዚህም ነው አንድ የግል ክሊኒክ ወስጃት የደም ምርመራው ውጤት ሲመጣ የተደሰትኩት። ያከማት ሰው ትሑት ነው፤ ወረቀቱን ዘርግቶ አስረዳኝ። አንገት ላይ ታይሮይድ የሚባል ዕጢ አለ። ለዕጢው ከጭንቅላት ትእዛዝ ይመጣለታል፤ ትእዛዙ ቲኤስኤች ይባላል። ዕጢው ሲለግም ጭንቅላት ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ የዕጢው ሥራ ሲቀንስ የቲኤስኤች ቁጥር ይወጣል። የእናቴ ቁጥር ከልኩ ትንሽ አልፏል፤ ጎኑ ላይ «ኤች» የምትል ፊደል ቆማለች፤ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ድካሙ፣ ብርዱ፣ መርሳቱ ሁሉ ከዚህ ይመጣል አለኝ። ከሥሩ ሌላ ቁጥር ነበረ፤ ዕጢው ራሱ የሚያመርተው ሆርሞን። እሱ ልኩ ውስጥ ስለነበር ማንም ልብ አላለውም።

ሰፍሯል የተባለው ነገር ስምና ቁጥር ስላገኘ ቀለለኝ። ወረቀቱን ይዤ ለጎረቤቶቼ ሌክቸር ሰጠሁ፤ ታይሮይድ እያልኩ አንገቴን በጣቴ እየነካሁ። እንቅርት ነው ማለት ነው አለችኝ አንዷ። እብጠት የሌለው እንቅርት አልኳትና አፏን አስያዝኳት።

ክኒኑን በየጠዋቱ በባዶ ሆዷ ትወስዳለች። ይሻላታል ብዬ ፊቷን እያየሁ መጠበቅ ጀመርኩ። ብዙም ሳይቆይ ባሰባት። የምትበላውን ታስመልሳለች፣ ቀሚሷ እላይዋ ላይ ተንጠለጠለ፣ ፊቷ ጭራሽ ጠቆረ። በየጠዋቱ ውሃና ክኒን ስሰጣት በገዛ እጄ ትንሽ ትንሽ ወደ ሌላ ቦታ የምገፋት ይመስለኝ ነበር። ክሊኒኩ ተመልሰን ተለካች፤ ቁጥሩ እዚያው ነው። መጠኑ ተጨመረላት፤ መድኃኒቱ ጊዜ ይወስዳልና ታገሺ ተባልኩ። በተጨመረ ማግስት ከአልጋዋ መነሳት አቃታት።

የሸሹን ጎረቤቶች ያኔ ተመለሱ። ሕመም ሲጠና አቃቂ አይጨክንም። እየመጡ በር ላይ ያንሾካሹካሉ፣ ሲገቡ ፈገግ ይላሉ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ስለ ጤፍና ስለ ዝናብ ያወራሉ። የእድሩ ዳኛ ሳይቀሩ መጥተው ጠየቋት። ሲወጡ ደጅ ላይ ቆመው እኔን በጎሪጥ ያዩኛል። እሷ ሁሉንም በጸጥታ ትከታተላለች።

አንድ ማለዳ ሽንት ቤት ልትሄድ ስትነሳ ወደቀች። እጇ በረዶ ነው፤ ስሟን ብጠራ አትመልስም። በባጃጅ አስፋልት ድረስ፣ ከዚያ በኮንትራት ሚኒባስ የቃሊቲን የከባድ መኪና ሰልፍ አልፈን አንድ የመንግሥት ሆስፒታል አደረስኳት። ሹፌሩ በመስታወቱ እያየን ቤንዚኑን ይረግጣል። ጭኔ ላይ የተኛችው ሴት ፊት ከእኔ ፊት ጋር ምንም አይመሳሰልም ነበር። ይህን ማሰቤ ራሱ አስደነገጠኝ።

ድንገተኛ ክፍል የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ናት፤ እንቅልፍ ያጣች ትመስላለች። የደም ግፊቷን ለክታ ፊቷን ቋጠረች። ግሉኮስ ሲሰቀልላት እናቴ ዐይኗን ገለጥ አደረገች። ሐኪሟ ከንፈሯን አርጥባላት ደም ልትቀዳ ሥር እየፈለገች ልታጫውታት ያህል፣

«እማማ፣ ድድዎን የተነቀሱት ልጅ ሆነው ነው?» አለቻት።

«አልተነቀስኩም» አለች እናቴ።

ሐኪሟ ፈገግ ብላ ምን ያሳፍራል፣ የእኔም እናት ተነቅሳለች አለቻት።

«ስሚኝ ልጄ» አለች እናቴ፤ ድምጿ እምብዛም አይሰማም። «ነቃሿ አገራችን የመጣች ቀን ጎተራ ውስጥ ተደብቄ ነው የዋልኩት። እኔን መርፌ አልነካኝም።»

የሐኪሟ እጅ ቆመ። ባትሪዋን አውጥታ የእናቴን ከንፈር በጣቷ ገለጠች። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። ስትስቅ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ቀይ ድድ የለም። በቦታው እዚህም እዚያም የተነከረ ሰማያዊ ጥቁር ነገር አለ፤ የጉንጯም ውስጠኛ ክፍል እንደዚያው። ማንም ሳይደርስባት አንድ ነገር ከውስጥ ሆኖ እናቴን ነቅሷታል።

የክሊኒኩም ሰው አፏን በባትሪ አይቶ ነበር። ግን እሷን የምታህል ሴት ጥቁር ድድ ይዛ ስትመጣ እዚህ አገር ማን ይጠይቃል? ግማሹ የእድር እናቶች ድድ እንደዚያው ነው። ያቺ ሐኪም ራሷ ወግ ለመያዝ ባትጠይቅ ኖሮ ታልፈው ነበር፤ ይህን ኋላ ነግራኛለች።

ጥያቄዋ ከዚያ በኋላ ፈጠነ። ጨው ታበዛለች ወይ አለችኝ። ማድ ቤት ያየሁትን ነገርኳት። ድሮ ቲቢ ታማ ታውቃለች ወይ አለችኝ። እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ፋብሪካ እየሠራች ታማ ነበር፤ መድኃኒቷን ጨርሳ ድናለች አልኳት። አሁን ምን ትወስዳለች ስትለኝ የታይሮይዱን ክኒን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ተቀብላኝ ኪሷ ከተተችው። ደም ቀዳችና ውጤቱን ሳትጠብቅ በግሉኮሱ ቱቦ መርፌ ሰጠቻት፤ ጨው ያለበት ፈሳሽ በላይ በላዩ ይወርድ ጀመር።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ራበኝ አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ያንን ቃል ስሰማ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።

ነገሩን ሐኪሟ በኋላ አስረዳችኝ። ኩላሊት አናት ላይ እንደ ቆብ የተደፉ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ፤ አድሬናል ይባላሉ። ሰውን ቀጥ አድርገው የሚያቆሙት እነሱ ናቸው፤ ግፊቱን፣ ጨውን፣ ጉልበትን ይጠብቃሉ። የዳነው ቲቢ ድሮ እዚያ ደርሶ ኖሮ፣ ሳንባዋ ሲድን እነሱ ቀስ እያሉ አልቀዋል። ጭንቅላት «ሥሩ!» እያለ ሲጮህባቸው የጩኸቱ ትርፍ ቆዳን ያጠቁራል። ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞናቸው ሲጠፋ ደግሞ ታይሮይድ ምንም ሳይሆን ቲኤስኤች ከፍ ሊል ይችላል። የታይሮይድ ክኒን ሲሰጣት ሰውነቷ የቀረውን ትንሽ ኮርቲሶል በፍጥነት ጨረሰው። አንዳንድ ሰው ሁለቱንም ዕጢ ይታመማል፤ ያኔም ቢሆን የሚቀድመው የአድሬናሉ መድኃኒት ነው።

«ቁጥሩ አልዋሸም» አለችኝ። «ብቻውን ስለተነበበ ነው።»

የደሙ ውጤት እንዳለችው ሆኖ መጣ። እናቴ ዕድሜ ልኳን የምትወስደው፣ ኮርቲሶሉን የሚተካ ሌላ ክኒን ታዘዘላት፤ አንድ ቀን እንዳይታለፍ፣ ትኩሳት ከያዛት እንዲጨመር፣ ማስመለስ ከጀመራት ሳንውል ሳናድር እንድንመጣ ተነገረን። ወራት ቆይተን ታይሮይዷ እንደገና ሲለካ «ኤች» የምትለው ፊደል የለችም። ለታይሮይድ ምንም አልወሰደችም። ወረቀቱን ይዤ ለማንም ሌክቸር አልሰጠሁም።

ጥቁረቱ ለመልቀቅ ጊዜ ወሰደ። መጀመሪያ ግንባሯ፣ ከዚያ ጉንጯ፤ በየሳምንቱ እናቴ ከዚያች ሴት ውስጥ ትንሽ ትንሽ እየወጣች መጣች። ደስ ይላል ቢባልም ማየቱ ያስፈራ ነበር፤ ሌላዋ የት እንደምትሄድ አላውቅማ።

አንድ ጠዋት ደጃፋችን ላይ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ ስለዚያ ሰሞን ሳልጠይቃት አወራችኝ። ጎረቤቶቹ በር ላይ ሲያንሾካሹኩ ትሰማ ነበር። ሲገቡ ዐይናቸውን ያሸሻሉ፣ ወሬ ይለውጣሉ። ሰው ሞቶበት እስኪረዳ ድረስ እንደሚደበቅበት ሰው ነበር የያዛችሁኝ አለችኝ። የማን መርዶ ይሆን ብላ ዘመዶቿን በሐሳቧ አንድ በአንድ አነሳች፤ ሁሉም ደህና ናቸው። እጇን አየች፤ የእሷ አይደለም።

«የሞትኩት እኔ ነኝ ማለት ነው አልኩ» አለች። «እንዳልደነግጥ ብላችሁ የራሴን መርዶ የደበቃችሁኝ መሰለኝ። ማለዳ ማለዳ በሩ ሲንኳኳ፣ ዛሬ ሊነግሩኝ ነው እያልኩ ነጠላዬን አዘቅዝቄ እጠብቃለሁ።»

ለምን አልጠየቅሽኝም አልኳት።

«አንቺማ ታሳዝኚኝ ነበር። እናትሽን ገና ማጣትሽ ነው፤ እንዴት ብለሽ ታረጂኛለሽ?»

እጇን ያዝኩት። ሞቃት ነበር። የክኒኑ ሰዓት ስለደረሰ ውሃ ላመጣ ተነሳሁ።