በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር የተተከለው የእድር ድንኳን

ኡሙሀኒ ከባቲ ተነስታ መቀሌ ስትገባ ልጇ ፊርዶስ በጀርባዋ ነበረች፤ ገና ጥርስ አላወጣችም ነበር። ባሏ ሸረፈዲን የጉልበት ሥራ አገኘና ሓድነት በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራዩ፤ እንዲያ እንዲያ እያሉ ከሰፈሩ ጋር ተላመዱ። ሸረፈዲን ሲሞት ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ቀበረው። የእድሩ ድንኳን ተተከለ፣ ሽሮ ተሠራ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ድስት ወጥቶለት በላ። ሥጋ ቢሆን ሁለት ድስት ይጣድ ነበር፤ በሓድነት ለቅሶ ቤት ግን ሽሮ ነው፣ ማንም ከማንም ተለይቶ አይቀመጥም። ያን ጊዜ ኡሙሀኒ አልቅሳ ወጣላት። ለቅሶ እንዲያ ነው፤ ሰው ሲያግዘው ያልፋል።

ያላለፈው የፊርዶስ ነገር ነው።

ልጅቱ ስምንተኛን እንደጨረሰች ከጓደኞቿ ጋር በአፋር በኩል ወጣች። ዓረብ አገር ገብታ እናቷን ልታሳርፍ። ከባሕሩ ዳር ደወለች። «እማ፣ ነገ ጀልባ እንሳፈራለን፤ ስደርስ እደውላለሁ» አለች። ከዚያ ወዲያ ድምጿ አልተሰማም። አብረዋት የሄዱትም አልደወሉም። ሞተች የሚል የለ፣ አለች የሚል የለ። መርዶ ላልመጣበት ሰው ደግሞ አይለቀስም፤ በቁም እንደ መቅበር ነው።

የእድሩ ሰብሳቢ ኣቦይ ገብረሃንስ መንገድ ላይ ባገኟት ቁጥር «ጓለይ፣ ልጄ፣ ድንኳኑ ያንቺም ነው። በቃ ያልሽ ቀን ቃል ብቻ ተናገሪ» ይሏት ነበር።

«ቃሉ ከእኔ አፍ ከወጣ ገዳይዋ እኔ ነኝ፣ ኣቦይ።»

ዓመታቱ እንዲህ ሄዱ። ኡሙሀኒ አታለቅስ፣ አትስቅ። ጠዋት በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ማዳበሪያ አንጥፋ ልባሽ ጫማዋን ትደረድራለች፤ ማታ ጥንድ ጥንዱን በሲባጎ አስራ ወደ ከረጢት ትከታለች። ያልታሰረ ጫማ ይለያያል፤ አንድ እግር ጫማ ማን ይገዛል? የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ከእሷ ጫማ ተጫምተው አድገዋል። ስታጫማቸው እግራቸውን ታያለች እንጂ ፊታቸውን ቀና ብላ አታይም።

በ2009 ዓ.ም. ነው፣ የታሪክ አስተማሪዋ ማዘንጊያ ለልጆቹ አዲስ ትምህርት ያመጣችው። በጀርመን አገር ናዚዎች አይሁድን እንዴት እንደፈጁ፣ ሰው ጎረቤቱን እንዴት እንደካደ አስተማረቻቸው። ለእያንዳንዱ ተማሪ የአንድ የሞተ ልጅ ስም ሰጠች፤ ልጁ የት እንደኖረ፣ ምን መጫወት እንደሚወድ አጥንተው ለወላጆች እንዲናገሩ። የዚያ ዘመን ፎቶግራፎች በትልልቁ ታተሙ። ግቢው ለውሃ ቧንቧ ተቆፍሮ ስለነበር ቦታ ጠፋ፤ ማዘንጊያ ወደ ኣቦይ ገብረሃንስ ሄዳ የእድሩን ድንኳን ለመነች። እሳቸውም «እስኪ አንድ ቀን እንኳ ለደግ ነገር ይተከል» ብለው ፈቀዱ። ሐሙስ ማታ ወንዶቹ ከአጥሩ ውጭ፣ ልክ የኡሙሀኒ ቦታ ላይ ተከሉት።

«ነገ ትንሽ ጠጋ በይ» አሏት።

«እሺ» አለች። ለምን ብላ አልጠየቀችም። ዓርብ ጠዋት መጥታ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ጫማዋን ዘርግታ፣ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች።

ድንኳኑ ለምን እንደተተከለ ለሰፈሩ ሴቶች የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ጎረቤቷ ኣብርሀት ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ድንኳኑን አየችው። በአረንጓዴ ሸራ የተጠገነ ጎኑን የማያውቅ የለም። ደጃፉ ላይ ደግሞ ኡሙሀኒ። ሌላ ምን ታስብ? ነጠላዋን ዘቅዝቃ በር ለበር አንኳኳች። ብዙም ሳይቆይ የሰፈሩ ሴቶች ከመታጠፊያው ጀምረው እየጮኹ መጡ።

«ፊርዶስ ጓለይ! ባሕር ይብላሽ? ፊርዶስ!»

ኡሙሀኒ አንድ እግር ጫማ በእጇ እንደያዘች ተነሳች።

«ማን ነገራችሁ?» አለች በዝግታ። «ያያት ማን ነው?»

ኣብርሀት ጩኸቷን አቋረጠች። «አንቺ… ድንኳኑ… መርዶ ሰምተሽ አይደለም እንዴ?»

«አልሰማሁም።»

ይኼን ጊዜ ማዘንጊያ ከድንኳኑ ወጣች። «እናቶች፣ ምን ሆናችሁ? ድንኳኑ የተማሪዎች ነው፤ ስለ አይሁድ ልጆች ልናስረዳ ነው። ናዚዎች ስለገደሏቸው።»

«መቼ ነው የሞቱት?» አለች ለተመድህን የምትባለው፣ በሰፈሩ በዕድሜም በምላስም የሚቀድማት የሌለች አሮጊት።

«ከሰባ ዓመት በላይ ሆኗል።»

«ሰባ ዓመት! እና ዛሬ ነው ድንኳን የምትተክሉላቸው?»

አንዷ በነጠላዋ ውስጥ ሳቀች። ኣቦይ ገብረሃንስ ዱላቸውን እየጎተቱ ደረሱ። «እናንተ ሴቶች ድንኳን ካያችሁ እግራችሁ አያርፍም!»

«አንተስ ገብረሃንስ፣ ትናንት አፍህን የት ጥለኸው ነበር?» አለቻቸው ለተመድህን።

ኣብርሀት ነጠላዋን በኀፍረት አቃንታ የኡሙሀኒን እጅ ያዘች። «ይቅር በዪኝ ሓፍተይ፣ እህቴ።»

«ምንም አይደል» አለች ኡሙሀኒ። እውነትም ምንም አልነበረም። በጩኸቱና በማዘንጊያ ንግግር መካከል፣ ልጄ ሞታለች ብላ ባመነችባት በዚያች ቅጽበት፣ የተሰማት ኀዘን አይደለም። ሸክም ያወረደ ሰው ትከሻው እንደሚቀልለው ነው የቀለላት። ያስፈራት ይኼ ነው።

ድንኳን ደርሶ ሳይቀመጡ መመለስ ነውር ነውና ሁሉም ገቡ፤ እሷም ገባች። ልጆቹ በየተራ ተናገሩ። የኣብርሀት የልጅ ልጅ ሮሃ የተሰጣትን ስም የጻፈችበትን ካርቶን ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች።

«ስሜ ሊያ ነው። ገመድ መዝለል እወድ ነበር። ልብሴ ላይ ቢጫ ኮከብ እንድሰፋ ታዘዝሁ፤ ከዚያ ጓደኞቼ ከእኔ ጋር መጫወት ተከለከሉ።»

«ጎረቤቶቿስ? ዝም አሉ?» አለች ለተመድህን።

ሮሃ ወደ አስተማሪዋ ዞረች። «ብዙዎቹ ዝም አሉ፣ እማማ» አለች ማዘንጊያ። «ለዚህ ነው ለልጆቹ የምናስተምራቸው።»

ኡሙሀኒ ግን ዓይኗ ሌላ ቦታ ነበር። አንደኛው ፎቶግራፍ የተገደሉት ሰዎች ጫማ ነው፤ የልጅ፣ የሴት፣ የወንድ፣ ተራራ ያህል የተከመረ። አንዱም አልታሰረም። በዓይኗ ጥንድ ልታገኝ ፈለገች፣ አላገኘችም።

«መርዶውን ለእናቶቻቸው ማን ነገራቸው?» አለች በመጨረሻ።

«አብዛኞቹ እናቶች አብረው ሞተዋል፣ እትዬ ኡሙሀኒ። የተረፉትም ልጄ ይመጣል እያሉ ዓመታት ጠብቀዋል። መጥቶ የነገራቸው የለም።»

«ያለ መርዶ?»

«ያለ መርዶ።»

«ታዲያ ማን አለቀሰላቸው?»

ማዘንጊያ ካርቶን ወደያዙት ልጆች ዞረች። «ስማቸውን እየጠራን… ይኼው፣ እኛ» አለች።

ወደ ማታ ሰዉ ተበተነ። ፎቶግራፎቹ ተጠቅልለው ገቡ፤ ወንዶቹ የድንኳኑን ገመድ ሊፈቱ መጡ። ኡሙሀኒ ጫማዋን እያሰረች ነበር።

«ኣቦይ» አለች ቀና ሳትል። «ድንኳኑ ይደር።»

ሽማግሌው ቀረብ አሉ። «ለማን፣ ጓለይ?»

ሲባጎውን ሁለቴ ቋጠረችው። «ለፊርዶስ።»

ወንዶቹ የያዙትን ገመድ መልሰው አሰሩ። ኣብርሀት በኀፍረት ያቃናችውን ነጠላ እንደገና ዘቀዘቀችና አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። የኡሙሀኒ እንባ አልመጣም።

«ምን ይሠራ?» አለች ኣብርሀት።

«ሽሮ» አለች ኡሙሀኒ፣ የቀረውን ጥንድ ወደ ራሷ እየሳበች። «ሁላችን የምንበላው።»