ያልዋጥኩት ክኒን

አፖንዲ አፏ አያርፍም። ኪሱሙ ከተማ፣ ሐይቁ ዳር አብረን ዓሣ ስንጠብስ ሃያ ዓመታችን ነው። ደንበኛ በዋጋ ሲነዘንዛት፣ "ዓሣው ራሱ ዝም ብሎ፣ አንተ ምን ያስለፈልፍሃል?" የምትል ሴት ናት። ናፉላ የመረጠቻትም ለዚሁ ነው።

ናፉላ የደም ግፊት መድኃኒት ከሚያጠኑት መካከል ገና ጀማሪ ናት። ሌሎቹ እኛን በሽተኞቹን አስፈርመውን ይሄዳሉ። እሷ ግን ጀሪካን ላይ ቁጭ ብላ፣ ጭሱ እያስለቀሳት፣ "እናቶቼ፣ የምንሳሳተውን ንገሩን" ትላለች። አለቃዋን ፕሮፌሰሩን ለምና፣ አፖንዲ ስብሰባቸው ላይ በበሽተኞች ስም እንድትናገር ወንበር አስገኘችላት።

በየወሩ የተረፈንን ክኒን ይቆጥራሉ። እኔ ግማሹን ለጣውንቴ ለአቾላ እሰጥ ነበር፤ ግፊቷ ከኔ ይብሳል፣ ምዝገባው ግን አምልጧታል። ደግሞ የማያካፍል ማን አለ? ባንድ ግቢ እየኖርን ብቻዬን ልዋጥ? ቆጠራው "ሁሉንም ወስዳለች" ይላል፣ ግፊቴ ግን አልወርድ አለ።

አንድ ቀን አፖንዲ ከስብሰባ ፊቷ ጠቁሮ ተመለሰች።

"የኦዴሮ እናት፣ መድኃኒቱ አነሰ ብለው ለአገሩ ሁሉ እጥፍ ሊያዙ ነው። በትክክል የምትውጥ ሴት ተዝለፍልፋ ትወድቃለች። እንደምንካፈል ልናገር ነው።"

"ተናገሪና አቾላን ግደያት!" አልኳት። "ምን አለብሽ፣ ያንቺ ጣውንት አይደለችም!"

ተናገረች። ፕሮፌሰሩ "እነማን ናቸው?" ብሎ ጠየቀ። ናፉላ ተነስታ "ስማችሁ አይወጣም ብዬ ቃል ገብቼላቸዋለሁ" አለች። ቆጠራው ውሸት ሆኖ የዓመት ልፋቷ፣ መመረቂያ ጽሑፏ ጭምር፣ ገደል ገባ። እጥፉም ቀረ። እኛ ግን ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ነርስ ፊት እየቆምን፣ ውጠን አፋችንን ከፍተን ማሳየት ሆነ ሥራችን።

አቾላ ክኒኑ ከቀረባት በሁለተኛው ወር ወደቀች። ግራ ጎኗ አይታዘዝላትም። አፖንዲ ልታጥባት ብትመጣ ከበር መለስኳት። እውነቷን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንጀቴ ግን እምቢ አለኝ።

ናፉላም መጣች። "ምን ብናደርግ ይሻል ነበር?" አለች።

"ልጄ፣ ስንት ክኒን ተረፈሽ ብላችሁ ጠየቃችሁኝ። ቤትሽ ሌላ የታመመ አለ ወይ ያለኝ የለም።"

ልጻፈው ብላ ደብተር አላወጣችም። "እኔ ብነግራቸው አይሰሙኝም። ነገ ስብሰባ አለ፣ ራስሽ ነይና ንገሪያቸው።"

"አቾላን ማን ያገላብጥልኛል?"

ናፉላ ወደ አፖንዲ ቤት አየች። ማንን እንዳሰበች ገብቶኛል። እኔም ሌላ ሰው አልመጣልኝ አለ።

"በይ ጥሪያት" አልኳት።

በማግስቱ አፖንዲ መጣች። ሰላም አላልኳትም። አቾላ በየትኛው ጎኗ እንደምትተኛ ብቻ አሳይቻት ወደ ስብሰባው ወጣሁ።